«ሽንት ቤቱ የት ነው?» እናቴን ይዤ ጣና ላይ የዋልኩበት ቀን



ባለፈው ሳምንት ማታ ከሥራ ስመለስ፣ እዚህ ቤቴል ሰፈራችን ካለው ሱቅ በር ላይ አንድ የጎረቤት ልጅ አስቆመኝ። እናቱን ባሕር ዳር ወስዶ ጣና ላይ ቀኑን ሙሉ በጀልባ ሊያንሸራሽራቸው አስቧል። «ዶክተር፣ እንዳያስመልሳቸው ፈርቼ ነው፤ የትኛውን መድኃኒት ልያዝላቸው?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ከታች ጽፌዋለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የጠየቅኩት «ጀልባው ላይ ሽንት ቤት አለ?» ብዬ ነው። ልጁ ሳቀ። የምቀልድ መስሎት ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ መቀለድ ካቆምኩ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ። ታሪኩ የራሴና የእናቴ ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። እማዬም «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። አሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖረው ወንድሜ ለእረፍት መጥቶ ነበር። እሱ ያለበት ግዛት ሚሲሲፒ የሚባለው ትልቅ ወንዝ የሚነሳበት ነው። እዚያ አቅሙ ያለው ሰው በግል ጀልባው ወንዙን ይዞ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት እየተጓዘ እንደሚከርም ሲያወራልን፣ እማዬ «እኛስ አባይ አለን አይደል?» አለች።

አባይ አለን፤ ግን አባይን በጀልባ ረጅም መንገድ መሄድ አይቻልም። ከጣና ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገደል ነው። በአገራችን ለረጅም የወንዝ ጉዞ የሚታወቀው ባሮ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከካርቱም የተነሱ የእንፋሎት መርከቦች ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ጋምቤላ ድረስ እየመጡ ቡናችንን ጭነው ይመለሱ ነበር። የእማዬ ልብ ግን ባሮ አልነበረም። እሷ የደምቢያ ልጅ ናት። ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር ከጎርጎራ በውኃ ወደ ባሕር ዳር መሻገሯን ሺህ ጊዜ ነግራናለች። ቤቴል ሠላሳ ዓመት ስትኖር ያን መንገድ አንድ ጊዜ ደግማ የማየት ምኞቷ አልወጣላትም። ወንድሜ በዚያው ምሽት ወሰነ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ፣ ከሐይቁ ደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ፣ በግል በምንከራያት ጀልባ፣ በአንድ ቀን።

እማዬ ያኔ 67 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት አለባት። ሁለት መድኃኒት ትወስዳለች፦ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ሁለተኛው ብዙዎቻችሁ «የሚያሸናው ክኒን» የምትሉት ነው። ጉልበቷንም ያማታል። እኔ ሐኪም ነኝና ዝግጅቱን ለእኔ ተዉት አልኩ። የግፊት መለኪያ ያዝኩ። የማስመለስ መድኃኒት ያዝኩ። ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ፋሻ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ስምንት ጠርሙስ ውኃ። ባለጀልባውን ለሁላችንም የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት እንዲያሳየን ጠየቅኩት። ለእማዬም «ክኒንሽን እንዳትረሺ፣ አንድ ቀንም መዝለል የለብሽም» ብዬ አስጠነቀቅኳት።

አንድ ነገር ብቻ አልጠየቅኩም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ባለጀልባዎች ማለዳን የሚመርጡት በምክንያት ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይረበሻል። ጠዋት ግን ጣና እንደ መስታወት ነው። የደንገል ታንኳ የያዙ ዓሣ አጥማጆች በጎናችን አለፉ፤ ዘጌ በስተግራችን በጫካዋ ጠቁራ ታየች። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ጀልባችን ጥላ ያላት፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ያላት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ጣና ላይ የምታዩዋት ዓይነት ጀልባ ናት። የፈረንጆቹ የወንዝ ጀልባዎች አልጋና ሽንት ቤት አላቸው። የእኛዋ ሁለቱም የላትም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ዳጋ እስጢፋኖስ ደረስን። እንደምታውቁት ዳጋ ሴት አይገባም። ወንድሜና የባለጀልባው ረዳት የእነ አፄ ዘርዐ ያዕቆብና አፄ ፋሲል አፅም ያለበትን ገዳም ሊሳለሙ ዳገቱን ወጡ። እኔና እማዬ ጀልባው ውስጥ ሆነን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅናቸው። ወንዶቹ ሲመለሱ መንገድ ላይ ከቁጥቋጦ ኋላ ጎራ ብለው የሚያስፈልጋቸውን ጨርሰው ነው። ይህን ልብ አላልኩም።

ቀጥሎ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ ወረድን። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት፣ ሥዕሏ ዓይን የሚያጠግብ ቤተ ክርስቲያን ናት። እዚያ ሴት ይገባል። ከዚያ ጀልባው ውስጥ ምሳ በላን። እማዬ ከቦርሳዋ አንዲት ክኒን አውጥታ ዋጠች። «ምንድነው?» አልኳት። «የጉልበቴ ናት» አለችኝ። ዲክሎፌናክ ነው። ከሦስት ቀን ጀምሮ ስትወስደው ቆይታለች። ክኒኑን የዋጠችበት ጉንጭ ውኃ ከጠዋት ጀምሮ የጠጣችው ሁሉ እንደሆነ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የያዘችው ጠርሙስ ከአፉ እስከ ታች ሙሉ ነበር። አይቼዋለሁ። ሁለተኛዋን የጀመረች መስሎኝ ዝም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባዋን ያንገላታት ጀመር። ወንድሜ አስመለሰው፤ እኔም የሐኪምነቴን ትኩረት በሙሉ ለእሱ ሰጠሁ። እማዬ ጥግ ይዛ ጸጥ ብላ ነበር። «ደከመሽ?» ስላት በጭንቅላቷ አይደለም አለችኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎርጎራ ደረስን። ያ ሃምሳ ዓመት የተናፈቀ ዳርቻ ማለት ነው። እማዬ ልትወርድ ብድግ አለች፣ አንድ እግሯን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች፣ «ዓይኔ...» አለች፣ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ባለጀልባው ባይቀልባት ኖሮ ጭንቅላቷ ድንጋዩን ይመታ ነበር። እዚያ የነበሩ ሰዎች ተሯሩጠው መጡ። አንዱ «ቀና አድርጓት» ይላል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ይመጣል፣ አንዲት ሴት ውኃ በአፏ ልታንቆረቁርላት ነው። ሁሉንም አስቆምኩ። ጥላ ስር ጋቢ ላይ አስተኛናት፤ እግሯን ከፍ አደረግን። ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኗን ገለጠች። ግፊቷን ስለካ ተኝታ 100 በ60 ነው። ቀስ አድርገን ስናስቀምጣት 78 በ50 ሆነ፤ የልቧ ምት በደቂቃ 112። ሁልጊዜ 140 የምትሆን ሴት ናት። ምላሷ እንደ ቆዳ ደርቋል።

«እማዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሸናሽው መቼ ነው?»

«ጠዋት። ሆቴል።»

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አልፎታል።

«ውኃስ?»

ዝም አለች። ከዚያ ወንድሜ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ሽንቴ መጣ ብል ጀልባውን የት ታቆሙልኛላችሁ? በሰው ልጅ ፊት ምን ልሁን? ገዳሙም ውስጥ እንዴት ይጠየቃል? ከማታ ጀምሮ ነው የተውኩት። አንቺ ደግሞ የሚያሸናውን ክኒን እንዳትዘይ አልሽ።»

እኔ በየቀኑ ስንቱን ሰው «ውኃ ጠጡ» እያልኩ የምመክር ሰው፣ እናቴ ከማታ ጀምሮ ውኃ እንዳልጠጣች አላወቅኩም። ክኒኗን ግን የእኔን ቃል አክብራ ውጣለች።

በሰውነቷ ውስጥ የሆነውን ቀለል አድርጌ ላስረዳችሁ። ውኃ አልጠጣችም። ፀሐዩ ከላይ ይመታታል፤ ከውኃው ላይ ነጥሮም ከታች ይመታታል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ያይላል። ላቧን ግን ነፋሱ ወዲያው ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ያላበት ሰው «አልሞቀኝም» ይላል። በዚህ ላይ የሚያሸናው ክኒን ሥራውን ይሠራል፤ በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ሰው ድንገት ሲቆም ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፤ አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ደም ያጣል። ሰው ይወድቃል።

ይህ የሚታየው ክፍል ነው። የማይታየው ኩላሊት ላይ ነው። ኩላሊትን ደም የሚገባበትና የሚወጣበት በር ያለው ወንፊት አድርጋችሁ አስቡት። ወንፊቱ እንዲያጣራ በውስጡ በቂ ግፊት ያስፈልገዋል። ውኃ ሲጎድልና የሚያሸናው ክኒን ሲጨመር ወደ ወንፊቱ የሚመጣው ደም ያንሳል። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች የመግቢያውን በር ያጠቡታል። እንደ ኤናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ የመውጫውን በር ያሰፉታል። እያንዳንዱ መድኃኒት ለብቻው፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ጠቃሚ ነው። ሦስቱ ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ ሲገናኙ ግን ወንፊቱ ግፊት ያጣና ማጣራቱን ሊያቆም ይችላል።

በዚያው ምሽት እማዬን በመኪና ጎንደር ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ወሰድናት። በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጣት። የኩላሊት ምርመራዋ፣ ክሬቲኒን የሚባለው፣ ሁልጊዜ 0.9 የነበረው 1.9 ሆኖ ተገኘ። ዲክሎፌናኩ ቆመ፤ የግፊት መድኃኒቶቿም በሐኪም ክትትል ለጥቂት ቀናት እንዲቆሙ ተደረገ። ያን ሌሊት አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ የሽንት ከረጢቷን ጠብታ በጠብታ ስቆጥር አደርኩ። ሊነጋ ሲል መሙላት ጀመረ። በሕይወቴ ሽንት አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቤቴል ተመልሰን በአሥረኛው ቀን ስንደግመው 1.0 ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። ዘግይተን ቢሆን፣ ወይም ኩላሊቷ ከድሮው የተጎዳ ቢሆን፣ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፣ «እኛ የት አግኝተን ጀልባ እንከራያለን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታሪኩ ግን የጀልባ ብቻ አይደለም። እናቶቻችን በሚኒባስ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ አገር ቤት ሲሄዱ ከማታ ጀምሮ ውኃ ያቆማሉ። ሹፌሩን «አቁምልኝ» ማለት ያፍራሉ። የፕሮስቴት ሕመም ያለባቸው አባቶቻችንም እንዲሁ። ከጉዞ ሲመለሱ «ግፊቴ ወረደ»፣ «ራሴን አዞረኝ»፣ «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ብለው ወደ እኛ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ምክንያቱን ስንጠይቅ ደግሞ «ጉዞው ነው» ይላሉ እንጂ «ሽንት ቤት ስላልነበረ ውኃ አልጠጣሁም» የሚል የለም። ነውር ስለሆነ አይነገርም። ስለማይነገርም እኛ ልጆቻቸው ልንጠይቅላቸው ይገባል።

ስለዚህ እናት ወይም አባታችሁን ይዛችሁ በጀልባም ሆነ በመኪና ረጅም ጉዞ ስትወጡ እነዚህን አስቡ።

1. መጀመሪያ ሽንት ቤቱን አቅዱ። ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ የት መውረድ እንደሚቻል፣ ሴቶችስ የት እንደሚወርዱ ጠይቁ። ከሌለ ክዳን ያለው ባልዲና መጋረጃ የሚሆን ጋቢ ያዙ። ለአዋቂ የሚሆን ዳይፐርም ነውር አይደለም። ይህን ለእናታችሁ ከጉዞው በፊት ነባ ነዋሪ ሳይሰማ ለብቻቸው ንገሯቸው። መውጫ እንዳለ ያወቀ ሰው ይጠጣል።

2. ጠርሙሱን ሳይሆን የጠጡትን ተመልከቱ። በአንዴ ብዙ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ይጠጡ። ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከጠቆረ ውኃ ጎድሏል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባችሁ የውኃ መጠን የተወሰነላችሁ ግን የሐኪማችሁን መጠን ጠብቁ።

3. ስለ መድኃኒት ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የሚያሸና ክኒን የምትወስዱ ከሆነ «በጉዞው ቀን በስንት ሰዓት ልውሰደው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰዓቱን መቀየር ይቻል ይሆናል። በራሳችሁ ግን አታቁሙ፤ ግፊትም ዝም ብሎ አይምርም። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትውሰዱ። በተገቢው መጠን ሲወሰድ ፓራሲታሞል ለኩላሊት የተሻለ ነው። ጉዞ ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከጀመረ ወዲያው ሐኪም አማክሩ።

4. እግር ይንቀሳቀስ። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ፤ ሲቻል ተነሱ። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ፣ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።

5. ለማስመለስ፦ ጀልባው መሐል ተቀመጡ፣ ስልክ አታንብቡ፣ ዓይናችሁን ሩቅ ዳርቻው ላይ አድርጉ፣ ሆድ ባዶም ከልክ በላይ የሞላም አይሁን። መድኃኒቶቹ ከመነሳት ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳሉ፤ ግን እንቅልፍ ያመጣሉ። በዕድሜ የገፉ፣ ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ የለባቸውም።

6. ከዳርቻው ውኃ ተጠንቀቁ። ጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተውሳኩ ውኃ ውስጥ በቆመ እግር በቆዳ በኩል ይገባል። ልጆች ጠርዙ ላይ እንዳይንቦጫረቁ። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም ያለበት ሰገራ ከመጣ ለሐኪሙ «ጣና ነበርኩ» በሉ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ወባም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ጉንፋን ይመስለዋል፤ ከቆላማ አካባቢ ከተመለሳችሁ ደም ተመርመሩ።

7. የሕይወት አድን ጃኬት ወንበር ስር ሳይሆን ደረት ላይ ይሁን።

8. ሰው ራሱን ከሳተ በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ልብሱን አላሉ። ክብሪት አታሽትቱት፤ ሳይነቃ በአፉ ምንም አትስጡት፤ ቀና አታድርጉት። ሙሉ በሙሉ ከነቃ በኋላ ውኃ ወይም ብዙዎቻችሁ ለምለም በሚል የምታውቁትን ኦ.አር.ኤስ. በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። በደቂቃ ውስጥ ካልነቃ፣ ደረቱን ካመመው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ጭንቅላቱን ከተመታ ጊዜ አታጥፉ፤ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ለጎረቤቴ ልጅም ይህንኑ ነገርኩት። የማስመለሱን መድኃኒት ሳይሆን መጀመሪያ ባለጀልባውን እንዲደውልለት አደረግኩ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ በስልክ «ሴቶች የሚወርዱበት ቦታ የት የት ነው?» ሲል ትንሽ አፈረ፤ ግን ጠየቀ።

እማዬ አሁን ደህና ናት። ባለፈው ወር ለዘመድ ሠርግ በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ፣ ገና ከቤቴል ሳንወጣ ሹፌሩን በሰው ፊት፣ ከፍ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ መንገድ ላይ ሽንት ቤት የት ታቆምልናለህ?» አለችው። መኪናው ውስጥ የነበሩት እናቶች ሳቁ። ከዚያ ከኋላ ያሉ አንዲት እናት «እሰይ፣ እኔም ፈርቼ ነው» ብለው ከቦርሳቸው የውኃ ጠርሙስ አወጡ።

እናንተስ? እናታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ረጅም መንገድ ሲሄዱ ውኃ ጠጥተው ነበር? ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቋቸው። ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ለወዳጅ ዘመድ አጋሩት።